የእማማ እግር ልክ

ሦስት ቀን ሙሉ የእማማ እግር ብቻውን ሊቀበር ነው ብዬ አምኜ ኖሬአለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ያደግኩትም አናጢ ቤት ነው። አናጢ ቤት ያደገ ልጅ ደግሞ ከእኩዮቹ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር አለ። ሰው ሲወለድ አልጋ፣ ሲሞት ሳጥን ያስፈልገዋል፤ በመካከል ያለው ሁሉ በርና ወንበር ነው።

አናጢው አባባ ናቸው፣ የእናቴ አባት። ወርክሾፓቸው ከመኖሪያችን ጋር በአንድ በር ይገናኝ ነበር። በሩ እጀታ አልነበረውም። ለአገር ምድሩ በር የሚሠሩት አባባ የራሳቸውን በር እጀታ «ነገ፣ ነገ» እያሉ ሠላሳ ዓመት አሳልፈዋል። እጀታው ሊገባበት የነበረው ቀዳዳ ግን አለ፤ በእሱ በኩል ከወዲያም ከወዲህም የተባለው ሁሉ ይሰማል።

አባባ ለበርና ለመስኮት ሲሆን ሜትራቸውን ይዘው ራሳቸው ሄደው ይለካሉ። ለሬሳ ሳጥን ግን አይሄዱም። «ኀዘን ቤት ሜትር እየጎተቱ መግባት ነውር ነው» ይላሉ። ስለዚህ ዘመድ ሟቹን በክር ይለካና ጫፉን ቋጥሮ ያመጣላቸዋል። አባባ ክሩን በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ፤ ማን እንደሆነ አይጠይቁም፤ ሚስማር ላይ ይሰቅሉትና ሥራቸውን ይጀምራሉ። አንድ ጊዜ ክሩ ያለቦታው ተቋጥሮ ኖሮ ሳጥኑ አጥሮ ተመለሰ፤ ቀብሩም ለማግስቱ ተላለፈ። እኔ ከዚህ ሁሉ የተማርኩት ሕግ አጭር ነው፤ ሜትር ለሕያው፣ ክር ለሙት።

አባባና እማማ ያን ጊዜ ከተኮራረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የእማማ ወንድም ምሳ ተጋብዘው መጡና አባባ በሠሩት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኚህ ሰው ሲቀመጡ ወንበሩ ብቻ ሳይሆን ወለሉም ያዝናል። ወንበሩ ቀጭ አለና አንድ እግሩ ሄደ፤ ሰውየውም ከነሳህናቸው ተዘረሩ። እማማ ሳቁ። ጎናቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ፣ በእንግዳ ፊት ሳቁ። ሥራቸው አንድ ቀን ተነቃንቆ የማያውቀው አባባም «ወንበር የሚሠራው ለሰው ነው፤ ለእናንተ ዘር ምን እንደሚሠራ እንጃ!» አሉ። ሳቁ እዚያው ቆመ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ? አልታሸም።

በማግስቱ እማማ ገበያ ወጡና ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ገቡ። አናጢ ቤት ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር! ጎረቤት እየመጣ አየው። ከዚያ ቀን ወዲህ እማማ ባላቸው በሠሩት እንጨት ላይ አልቀመጥም አሉ። አልጋውም የአባባ ሥራ ነበር፤ እሱን እንዴት እንዳደረጉት ግን እኔ አልጠየቅሁም፣ እናንተም አትጠይቁኝ።

በመካከላቸው የቆምኩት እኔ ነኝ። «ለዚያ ሰውዬ ጨው አቀብል በይው» ይላሉ እማማ። ጨው አባባ ክንድ ሥር ነው፤ ሰምተዋል። ግን እኔ ዞሬ «ጨው ያቀብሉ» እስክላቸው ይጠብቃሉ። ከዚያ «ለዚያች ሴትዮ ጨው በዛ በያት» ይላሉ፤ እኔም እዞራለሁ። ባልና ሚስት ሁሉ አስተርጓሚ ያለው ይመስለኝ ነበር። እናቴና አባቴ በቀጥታ ሲያወሩ ሳይ፣ አቅም አንሷቸው ነው ብዬ አዝንላቸው ነበር።

አንድ ቀን እማማ ደረጃ ሲወርዱ እግራቸው ወለም አለ። ወለምታው ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ እግራቸው አብጦ ቁርጭምጭሚታቸው ጠፋ። ጎረቤታችን ነርስ ነበረች፤ መጥታ ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

«እማማ፣ ቀልድ እንዳይመስልዎት» አለች። «ይሄ እግር ተንጠልጥሎ መዋል የለበትም። ከፍ ያለና ጠንካራ ነገር ላይ ተዘርግቶ ይዋል። ደም እንደልቡ ካልተመላለሰበት እግሩ እየሞተ ይሄዳል፤ ከሞተ ደግሞ መቁረጥ ነው።»

እናቴ ሮጣ የእንጨት ወንበር አመጣች።

«የዚያን ሰውዬ እንጨት?» አሉ እማማ። «ይቆረጥ እንጂ እግሬን አላሳርፍበትም!»

«እማዬ፣ ኧረ በፈጠረሽ!»

«ባልዲ አምጡልኝ። ባልዲ ይበቃኛል።»

ባልዲው ተደፍቶ ቀረበላቸው። ግን ይንሸራተታል። በየሩብ ሰዓቱ ባልዲው ወዲያ፣ የእማማ እግር ወዲህ፤ ከዚያ «ወይኔ!» ይሰማል። በእጀታ አልባው በር በኩል ከቅድም ጀምሮ ይሰማ የነበረው የመላጊያ ድምፅ ቀጥ አለ። አባባ ሰምተዋል። እኔም ሰምቻለሁ፤ በጆሮዬ የቀረው ግን አንድ ቃል ነው። እግሩ ይሞታል።

በማግስቱ ጠዋት አባባ ጠሩኝ። ስሜን አይጠሩም፤ የገባሁበት እንጨት ሁሉ ስለሚጎዳ «ምስጥ» ነው የሚሉኝ።

«ምስጥ፣ ነይ እስቲ። ሴትዮዋ እንደተቀመጠች ከመሬት እስከ ጉልበቷ ለኪና ቋጥረሽ አምጪልኝ። ለምን እንደሆነ አትናገሪ።»

የሰጡኝ ክር ነው።

«ሜትሩስ?» አልኩ።

«ሜትሩ አይሆንም።»

ዛሬ ሳስበው ሜትሩ ያልሆነው እኔ ባለፈው ወር ጎትቼ ስፕሪንጉን ስለበጠስኩባቸው ነው። ያን ጊዜ ግን የገባኝ ሌላ ነው። ተስፋ ቆርጠዋል፤ ለእማማ እግር ሳጥን ሊሠሩ ነው! ያውም ገና በሕይወት ያለ እግር፣ ትናንት ማታ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ በዓይኔ ያየሁት እግር።

እማማ መስኮቱ ሥር በፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የልብስ ቁልፍ ይተክላሉ። ክሩን አዩት።

«ምንድን ነው?»

«ምንም።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

መርፌያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ወርክሾፑ በር ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ያበጠውን እግራቸውን ቀስ ብለው ዘረጉልኝ።

«በይ ለኪ። ክሩን ግን እንዳታላዪው።»

እኔ እንዲህ ያለ ጀግና አይቼ አላውቅም ነበር። ሰው የገዛ እግሩን ለሳጥን ሲያስለካ እንዴት እንዲህ ፊቱ ይፈካል? አዎ፣ ፊታቸው ፈክቶ ነበር፤ ጉንጫቸው ውስጥ አንድ ነገር የያዙ ይመስሉ ነበር። አልቻልኩም፣ አለቀስኩ።

«ምን ያስለቅስሻል?»

«ክሩ ዓይኔ ገባ።»

ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ዘዴው መጣልኝ። አጭር ሳጥን ይመለሳል፤ የተመለሰ ሳጥን ቀብር ያዘገያል፤ እስከዚያ እግሩ ሊድን ይችላል። ክሩን ከቋጠሮው በታች ሁለት ጣት ያህል በጥርሴ በጠስኩና አዲስ ቋጠሮ ቋጠርኩ። ምስጥ የተባልኩት በከንቱ አይደለም። ቁራጩን ምስክር እንዳይሆንብኝ ዋጥኩት።

አባባ ክሩን ተቀበሉኝ። ክሩን ግን አላዩትም፤ የሚያዩት እኔን ነው።

«እግሯን ዘረጋችልሽ?»

«አዎ።»

«ራሷ? ሳትለምኛት?»

«ራሳቸው።»

አባባ መሐረባቸውን አውጥተው ተናፈጡ፤ ብዙ ቆዩበት። ሰጋቱራ ነው አሉ። ከዚያ ክሩን ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ መዳፋቸውን ከመሬት ከፍ አድርገው አየር ላይ አቆሙ። በማይታይ ሕፃን አናት ላይ እጃቸውን የጫኑ ይመስል ነበር። ለእግሩ ነፍስ እየጸለዩ ነው አልኩ በልቤ፤ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ ከበሩ ጀርባ አንድ የተሰበረ ወንበር እየጎተቱ ነበር። የእማማ ወንድም የሰበሩትን ወንበር! ሁለት ዓመት ሙሉ አልጣሉትም ነበር። ፈቱት። ደህናዎቹን እግሮች በመጋዝ አሳጠሩ፤ መቀመጫውን በመላጊያ ደጋግመው ላጉት፤ ቢጫ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ጫማቸውን ሸፈነው። ሚስማር አልነኩም። «ሚስማር የሰነፍ ነው» አሉኝ። በመሮ ቀዳዳ እየፈለፈሉ እግሮቹን አንድ በአንድ በኮላ አስገቡ። አባባ የቸኮሉበትን ሥራ ያየሁት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የምችለውን አደረግሁ፤ መሮውን ሰጋቱራ ውስጥ ቀበርኩ፣ እርሳሳቸውን ሰረቅኩ፣ ኮላው ክዳን ላይ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ቀስ ይበሉ።»

«ቀስ የሚባልበት አይደለም፤ እግሯ አይጠብቅም።»

እንዲህ ብለው አፋቸውን ሞልተው ሲናገሩ ምን ልበል! በሦስተኛው ቀን ሳጥኑ አራት እግር አውጥቶ ቆመ። የእግር ሳጥን እግር ቢያወጣ አይገርምም ብዬ አለፍኩት። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው።

«ክዳኑስ?»

«የምን ክዳን?»

«ክዳን የለውም?»

«ይሄ ደግሞ ክዳን ምን ያደርግለታል?»

ያለ ክዳን! እማማን ምን ያህል ቢቀየሟቸው ነው? ጉድ ነው እንጂ። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም።

አባባ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት፤ መዳፋቸውን እያሻሹ ሻካራውን ፈለጉ፣ አጡ። ከዚያ ሥራቸውን እኔ እንዳደርስ አልሰጡኝም፤ ራሳቸው ተሸከሙት። ሁለት ዓመት ለምግብና ለመኝታ ብቻ የተሻገሩትን በር በትከሻቸው ገፍተው ገቡና እማማ ፊት ተንበረከኩ። ባልዲውን ወደ ጎን አደረጉ፤ በርጩማውን አስቀመጡ። በርጩማ ነበር። እግር የሚያርፍበት፣ ተራ፣ ትንሽ በርጩማ። ይህ የገባኝ እማማ ያበጠ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው ሲያሳርፉበት ነው።

እናቴ በቆመችበት ቀረች። አባባ ከጉልበታቸው አልተነሡም።

«አጥሯል» አሉ እማማ።

አባባ በለመዱት መንገድ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ሥራዬ ነውና «አጥሯል ይላሉ» አልኳቸው።

«ላንቺ አይደለም የነገርኩት» አሉ እማማ።

ሳጥን አይደለም! የእማማ እግር ሊድን ነው! ግን አጥሯል። ያሳጠርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የሁለት ጣቱ ክር ሆዴ ውስጥ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ።

«በምን ያህል?» አሉ አባባ፤ ለእሳቸው፣ በቀጥታ።

«በሁለት ጣት።»

እዩት እንግዲህ፤ በሁለት ጣት!

«እንጨቱን አወቅሽው?»

«እንዴት አላውቀውም? ወንድሜን የጣለው ወንበር ነው።»

«ወንበሩን የጣለው ወንድምሽ ነው።»

እማማ ከንፈራቸውን ነከሱ። አባባ አንገታቸውን ደፉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና እያለቀሱ ነው ብዬ እኔም ለቀቅኩት፤ አልጋ ሥር ገብቼ እስኪበቃኝ ተነፋረቅሁ። እየሳቁ እንደነበር እናቴ የነገረችኝ ስትድረኝ ነው።

«በል፣ ውሰደውና አስተካክለው» የሚለውን የእማማን ድምፅ አልጋው ሥር ሆኜ ሰማሁ።

አባባ ወሰዱት። እኔም ጥፋቴ እንዴት እንደሚታረም ለማየት ተከተልኩ። በርጩማውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሻይ ቀዱ። ሻዩን እየጠጡ በርጩማውን አዩት፤ በመስኮት ወደ ውጭ አዩ፤ ደግሞ በርጩማውን አዩት። መጋዝ የለ፣ መላጊያ የለ። ብርጭቆው ሲያልቅ አንሥተው ተመለሱ።

«አሁንስ?»

እማማ እግራቸውን አሳረፉ። «አሁን ደግሞ ረዘመ።»

ወሰዱት። ሻይ ጠጡ። መለሱት። ከሰዓት በኋላ «ይነቃነቃል» ተባለ። በማግስቱ «ጠርዙ ይቆረቁራል»። በየመካከሉ ወሬው እየረዘመ ሄደ። ስለ መቆርቆሩ ተጀምሮ ስለ በሩ እጀታ፣ ከዚያ ስለ ወንድማቸው ውፍረት፣ ከዚያ እኔ ሳልወለድ ስለነበረ አንድ ዝናብ። እኔ ግን በገንኩ። ማታለል ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

«እማማ፣ አባባ እኮ ምንም አልነኩትም! ሻይ ብቻ ነው የጠጡት!»

«ዝም በይ አንቺ! የሥራ ነገር አይገባሽም» አሉኝ እማማ።

እብጠቱ በሳምንቱ ጎደለ። ነርሷ መጥታ እግሩን ጫን ጫን አደረገችና «እሰይ! ይሄ እግር ገና ብዙ ይረግጣል» አለች። የፕላስቲኩ ወንበር ግቢ ወጥቶ የልብስ ሳፋ ተቀመጠበት። እኔም ሥራ ፈታሁ፤ ጨው የሚለኝ ጠፋ። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።

ክሩን ግን ለማንም አልተነፈስኩም። በርጩማው ባየሁት ቁጥር አጭር ሆኖ ይታየኝ ነበር። የበርጩማው ነገር በተነሣ ቁጥር ዓይኔን በጨው አጥቤ «እኔ ምን አውቄ» እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ሠላሳ አምስት ዓመት አለፈ። አባባ ከአራት ዓመት በፊት ዐረፉ፤ ሳልነግራቸው።

ባለፈው ወር እማማን ልጠይቅ ሄድኩ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ያው መስኮት ሥር፣ አባባ በኋላ በሠሩላቸው የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በርጩማው እግራቸው ሥር ነው፤ መሐሉ በተረከዝ ጎድጉዷል። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ሆድ ይፍጀው ማለት ሰለቸኝ።

«እማማ፣ ይሄን በርጩማ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ከሳጥኑ እስከ ዋጥኩት ቁራጭ ሁሉንም ተናዘዝኩ።

እማማ መጀመሪያ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ከዚያ ሳቁ። ጎናቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ። አባባ ያን ዕለት በእንግዳ ፊት የሰሙት ሳቅ ይሄ ከሆነ፣ መቆጣታቸው አይገርምም።

«የእግሬ ሳጥን! ወይ ጉድ! ክሩን? ያንን ክር?» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «እሱ እኮ ክሩን አልነካውም። ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው የቀረው።»

«ታዲያ በምን ለኩት?»

«ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ኖሮ የእግሬን ልክ ከክር ነው የሚማረው? ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል!»

መዳፋቸውን አየር ላይ ያቆሙት አባባ ታወሱኝ። እኔ ደግሞ አጠገባቸው ቆሜ ለእግሩ ነፍስ እየጸለይኩ!

«ታዲያ እኔን ለምን ላኩኝ?»

«ሊጠይቀኝ ነዋ። አፉ እምቢ ሲለው ክር ላከ። እኔስ እግሬን የዘረጋሁልሽ ለምን መሰለሽ? እሺ ማለቴ ነው።»

«እሺ፣ በርጩማው ካላጠረ ለምን አጥሯል አሉ?»

እማማ ሞኝ እንደሚያይ ሰው አዩኝ።

«ልክ ነው ብዬው ቢሆን፣ ‹እሺ› ብሎ ይወጣ ነበራ! ሁለት ዓመት የጠበቅሁትን ሰው በአንድ ‹እሺ› ልሸኘው?»

ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ በረደ። እግራቸውን በርጩማው ላይ ወዲህ ወዲያ አደረጉት።

«አሁን ግን የእውነት ረዝሟል» አሉ። «እሱ በቁመቱ አለ፤ እኔ ነኝ ያጠርኩት። ግን ለማን ይነገራል? ያ ሰውዬ ናፈቀኝ፣ ልጄ። በጣም ናፈቀኝ።»

ተንበርክኬ እግራቸውን አንሥቼ በርጩማውን ወሰድኩ።

«ይስጡኝ፣ ላስተካክለው።»

ወርክሾፑ ዛሬ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። በሩ አሁንም እጀታ የለውም። በርጩማውን የአባባ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሻይ ቀዳሁ። እየጠጣሁ በርጩማውን አየሁት፤ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ፤ ደግሞ በርጩማውን አየሁት። ብርጭቆው ሲያልቅ አንሥቼ ተመለስኩና ከእግራቸው ሥር አስቀመጥኩት።

«አሁንስ?»

እማማ እግራቸውን አሳረፉ። አልቸኮሉም። ተረከዛቸውን ጫን አደረጉ፣ ለቀቁ፣ ደግመው ጫን አደረጉ። ጉንጫቸው ውስጥ ያ የድሮው ነገር ተመልሶ መጣ።

«ትንሽ ይነቃነቃል» አሉ። «ነገም እዪው።»